አሥራ አንድ ገንቦ፣ አሥራ ሁለት ስም

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» እንዳትሉኝ፤ በዚህ ተረት ውስጥ ላም የለችም። «የሸክላ ቤት» በሉኝ። ኮምፒዩተሩንም ለጊዜው ዝጉት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስለ ክላስና ስለ ኦብጀክት ስለፈልፍ ከረምኩ። እናንተም ሦስት ሳምንት ሙሉ ራሳችሁን ስትነቀንቁልኝ ከረማችሁ። ትናንት ግን በኮሪደር ሳልፍ «እኛ ለዚህ ትምህርት አልተፈጠርንም» ስትባባሉ ሰማኋችሁ። እንግዲያው ለሸክላ ሥራ ያልተፈጠረች የአንዲት ሽኮኮ ነገር አለ፤ እሱን ልንገራችሁ።

ድሮ ድሮ፣ አራዊት ሁሉ አፍ በነበራቸው፣ እንጨትና ሸክላም ከእነሱ ባላነሰ ያወሩ በነበረበት ዘመን፣ ይህች ሽኮኮ ከእናቷና ከአክስቷ ጋር በአንድ ትልቅ ገደል ላይ ትኖር ነበር። አባቷ የአራዊቱ ሁሉ ሸክላ ሠሪ ነበር። ገደሉም የተሰጣቸው ስለ ሙያው ነው። ከገደሉ በታች ያለው ሜዳ የጅቦች ሜዳ ነው፤ ሮጦ የማያመልጥ እዚያ አንድ ቀን አይውልም። የሽኮኮ እናት ደግሞ አንድ እግሯ አይታዘዝላትም።

አባትየው ሞተ። አርባው እንኳ ሳይወጣ የአንበሳ አጋፋሪ የሆነው አያ ጅቦ ከገደሉ ሥር ቆሞ የጌታውን ቃል ተናገረ። አንበሳ ልጁን ሊድር ነው። ሰርጉ ከዛሬ ሃያ አንድ ቀን በኋላ ነው። አሥራ ሁለቱ የአራዊት ነገዶች ተጠርተዋል፤ እያንዳንዱ ነገድ የራሱን መጠጥ ከራሱ ገንቦ ይጠጣል። ሽኮኮ አሥራ ሁለት ገንቦ ሠርታና ሞልታ ታቀርባለች። አንድ ነገድ እንኳ አፉ ደርቆ ከተመለሰ ግን ገደሉ ለሌላ ባለሙያ ይሰጣል፣ እነሱም ወደ ሜዳ ይወርዳሉ። አያ ጅቦ «ሜዳ» ሲል ምራቁን ዋጠ።

ሽኮኮ በዕድሜዋ አንድ ገንቦ ሠርታ አታውቅም። አባቷ ሲሠራ አጠገቡ ትጫወት ነበር እንጂ፣ አንድ ቀን እንኳ እንዴት ነው ብላ አልጠየቀችውም። ይህ በእናንተም ሳይደርስ አልቀረም፤ ደብተር የሚፈለገው ፈተና ሲቀርብ ነው።

አባቷ የተወላት አንድ ያረጀ የእንጨት ቅርጽ ነበር። ሆዱ የገንቦ ሆድ፣ አንገቱ የገንቦ አንገት፣ መሐሉ ደግሞ እንደ በር የሚከፈትና የሚዘጋ ነው። ሽኮኮ ስታየው ልቧ ወደ ቦታው ተመለሰ። ገንቦማ አለን ለካ አለች። ወደ ምንጩ ወርዳ ውሃ ሞላችበት። ውሃው በስንጥቁ ወጥቶ እግሯን አራሳት። ደግማ ሞላች፤ ደግሞ ፈሰሰ። ሦስተኛ ልትሞላ ስትል እንጨቱ ጉሮሮውን ጠረገና ተናገረ።

«ልጄ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ገንቦ እየሞላሁ ነዋ፣ አያ ቅርጹ።»

«እኔ ገንቦ አይደለሁም። ገንቦ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ እንጂ ጥርኝ ውሃ እንኳ ይዤ አላውቅም። ጭቃ አምጪና በውስጤ ለጥፊ። ውሃ የሚይዘው ከእኔ የሚወጣው ነው።»

«ውሃ ካልያዙ ታዲያ አንቱ ምን ይጠቅማሉ?»

አሮጌው እንጨት አልተቀየመም። «አባትሽ አንድ ጊዜ በደንብ ያሰበውን አንቺ እንደገና እንዳታስቢው እጠቅማለሁ» አላት።

የምትስቁ አላችሁ፤ አትሳቁ። ባለፈው ሳምንት ክላሱን፣ ማለትም ቅርጹን፣ ጽፎ ጨርሶ፣ ከእሱ የሚወጣ አንድም ኦብጀክት ሳይፈጥርበት «መምህር፣ ፕሮግራሙ ዝም አለኝ» ያለኝ ማን ነበር? ስሙን አልጠራም። ጆሮው ግን ከወዲሁ ቀልቷል።

ሽኮኮ ጭቃ አቦካች። ለጠፈች፣ ጠበቀች፣ ከፈተች፤ አንዲት ለስላሳ ገንቦ ወጣች። እንደገና ለጠፈች፣ ጠበቀች፣ ከፈተች፤ ሌላ ወጣች። ቅርጹ አንድ፣ ገንቦዎቹ ብዙ ሆኑ። መልካቸው እህትማማች ቢያስመስላቸውም ሁሉም የየራሳቸው ሆድ ነበራቸው፤ በአንዷ ውስጥ የገባው ውሃ ሌላዋን አያረካትም።

በዚያ አገር ልጅና ከብት ጣት ተቀስሮ አይቆጠርም። የቆጠሩትን ዓይን ይበላዋል ይባላል። ሽኮኮም ገንቦዎቿን እንደ ልጅ ወዳቸዋለችና ልትቆጥራቸው አልደፈረችም። በዚህ ፈንታ በአንድ ገመድ ላይ አሥራ ሁለት ቋጠሮ ቋጠረች፤ ለእያንዳንዷም ስም እያወጣች ስሙን በአንድ ቋጠሮ ላይ አሰረች። ቀጮ አለች፣ ሸጋዬ አለች፣ ድንቡሼ አለች፤ እንዲህ እያለች እስከ አሥራ አንደኛው ቋጠሮ ደረሰች። አንድ ቋጠሮ ቀራት። ጭቃው ደግሞ አልቋል። እሷ ግን ከድካሟ ብዛት የመጨረሻዋን ሠርቻታለሁ፣ ስም ማውጣት ብቻ ነው የቀረኝ ብላ አመነች።

ገንቦዎቹ ደረቁ፤ ጉድጓድ ተማሰ፣ ኩበትና እንጨት ተከመረ፣ ተተኮሱ። ድንቡሼ ነበልባሉ የበረታበት ቦታ ደርሷት ኖሮ ከሰል መስላ ወጣች። ሽኮኮ አየቻትና አላወቀቻትም። «አንቺ ስም ያላወጣሁልሽ ነሽ» አለቻት። ከእሳት ለወጣ ፍጡር የቤት ስም አይበቃውም ብላ፣ ልክ እንደ ክርስትና ስም ከበድ ያለ ስም ሰጠቻት፤ ወለተ እሳት አለቻት። አሥራ ሁለተኛው ቋጠሮም ስም አገኘ። ከዚያ ሁሉንም አንድ ሰፊና ጨለማ ዋሻ ውስጥ አስገባቻቸው።

የሽኮኮ መከራ ግን ገና ነው። ውሃ እንደማያንጠባጥቡ ለመፈተን ሁሉንም ሞላቻቸው፤ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አጣች። በየሰዓቱ ትነሳና ክንዷን እስከ ብብቷ በገንቦዎቹ ሆድ እየከተተች የውሃውን ልክ ትለካለች። የቀጮ ስንት ክንድ ነው፣ የሸጋዬ ስንት ክንድ ነው፣ ይህን ሁሉ በጭንቅላቷ ይዛ ትዞራለች። ሦስተኛዋን ስትለካ የመጀመሪያዋን ትረሳለች፤ ተመልሳ ትለካለች። ክንዷ ደግሞ ጭቃ የነካው ክንድ ነው። በሦስተኛው ቀን ዋሻው ሸተተ።

ቀጮ ገንቦ መረራት። «ክንድሽን ከሆዴ አውጪልኝ» አለቻት። «በሆዴ ያለውን እኔ አውቀዋለሁ። ስንት ይዘሻል በይኝ፣ እነግርሻለሁ። ስትጠሚም ቅጂልኝ በይኝ፣ እቀዳልሻለሁ። አፍ የተሠራልኝ ለዚህ ነው።»

ሽኮኮ አላመነችም። እኔ ካልያዝኩት ይጠፋል ባይ ነበረች፤ አባቷ ከሞተ ወዲህ ሁሉ ነገር ያለ እሷ የሚጠፋ ይመስላት ነበር። አያ ቅርጹ ይህን አየና «ልጄ፣ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» አላት። «አንቺ አንዲት ሽኮኮ ነሽ። የገንቦን ሥራ ለገንቦ ተዪለት።»

እየፈራች ጠየቀች። ቀጮ ሙሉ ነኝ አለች፤ ሙሉ ነበረች። ሸጋዬ አንድ ዋንጫ ጎድሎብኛል አለች፤ በእርግጥም አንድ ዋንጫ ጎድሎባት ነበር። ሽኮኮ የሸተተውን ውሃ አስደፋች፣ ዋሻውን አጠበች፣ ከዚያ ወዲያ ክንዷን አላስገባችም። ለመጀመሪያ ጊዜ ጭንቅላቷ ቀለላትና ሌሊቱን ሙሉ ተኛች።

ጠዋት ጠዋት ግን ከዋሻው ደጅ ቆማ ገመዷን እየዳሰሰች ስም መጥራት ልማዷ ሆነ። ቀጮ ስትል ከጨለማው «አቤት» ይመጣል። ሸጋዬ ስትል «አቤት» ይመጣል። ድንቡሼ ስትል «አቤት»፣ በመጨረሻም ወለተ እሳት ስትል «አቤት»። አሥራ ሁለት ስም፣ አሥራ ሁለት አቤት። ከገደሉ ሥር አያ ጅቦ ጆሮውን ቀስሮ ይሰማል። የጅብ ጆሮ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ከአሥራ ሁለቱ አቤት ሁለቱ በአንድ ወፍራም ድምፅ እንደመጡ ለየ። ለየና ሳቁን በሆዱ ያዘ። ወደ ላይ አንጋጦም አንቺ ልጅ ሙያሽ የአባትሽ ነው፣ ጨርሰሻል፣ ከእንግዲህስ ዕረፊ እያለ አመሰገናት። ጅብ ካመሰገናችሁ ሥራችሁን ደግማችሁ እዩ።

ለሰርጉ አምስት ቀን ሲቀር መጠጥ መሙላት ተጀመረ። ሽኮኮ ለእናቷ የጦጣዎቹን ብርዝ ሰጥታ ድንቡሼ ውስጥ ጨምሪ አለቻት። ለአክስቷ የጅቦቹን የአጥንት መረቅ ሰጥታ ወለተ እሳት ውስጥ ጨምሪ አለቻት። እናቲቱ በጨለማው ድንቡሼን ጠራች፤ አቤት ስትላት ጨመረች። አክስቲቱ ኋላ ገብታ ወለተ እሳትን ጠራች፤ አቤት ስትላት ጨመረች።

በማግስቱ ሽኮኮ ልቅመስ አለች። ከዋሻው ደጅ ዋንጫዋን ወደ ጨለማው ዘርግታ ድንቡሼ ሆይ ቅጂልኝ ብትላት ስብ የተንሳፈፈበት ብርዝ ተቀዳላት። ወለተ እሳትን ብትጠይቃት ደግሞ ማር ማር የሚል መረቅ መጣ። ደነገጠች። ድንቡሼን ያለሽን ሁሉ ድፊው አለቻት፤ ተደፋ። ከዚያ ወለተ እሳትን ስንት ይዘሻል ብትላት «ባዶ ነኝ» አለቻት።

ሽኮኮ አንዷን ስትነካ ሌላዋ ተበላሸች፣ አንዷን ስትደፋ ሌላዋ ባዶ ሆነች። ይህ መተት ነው አለች። ሄዳ አያ ቅርጹ አጠገብ ተቀመጠችና ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም አለችው፤ እናቴን በጅብ ላስበላት ነው አለችው። ይበልጥ ያስጨነቃት ደግሞ ስህተቷን አለማወቋ ነው። ያወቁት ስህተት ያሳፍራል፤ ያላወቁት ስህተት ግን ያሳብዳል።

እንጨቱ እስክትጨርስ ጠበቃትና «ስሞቹን ለጊዜው ተያቸው» አላት። «ሁለቱንም ጥሪና ብርሃን ላይ ጎን ለጎን አቁሚልኝ።»

ሽኮኮ እንባዋን ጠርጋ ጠራች። «ድንቡሼ፣ ወለተ እሳት፣ ሁለታችሁም ውጡ።»

ከዋሻው አንዲት ጥቁር ወፍራም ገንቦ እየተንከባለለች ወጣችና ቀጥ ብላ ቆመች። ሽኮኮ ጠበቀች። ሌላ የሚወጣ የለም።

«ሌላዋስ?»

«የትኛዋ ሌላ? ድንቡሼም እኔ ነኝ፣ ወለተ እሳትም እኔ ነኝ። ከእሳት ስወጣ ሳታውቂኝ ቀርተሽ አዲስ ስም ሰጠሽኝ። ስም ሲሰጡት እንቢ የሚል አለ? በዚያም ጠራሽኝ፣ አቤት አልኩ፤ በዚህም ጠራሽኝ፣ አቤት አልኩ። ብርዝም አመጣችሁ፣ መረቅም አመጣችሁ፤ ሆዴ አንድ ነው፣ ተቀበልኩ።»

ሽኮኮ ገንቦዋን አየች። ገመዷን አየች። ከዚያ ሳቅ አመለጣት፤ እንባዋ ሳይደርቅ ሆዷን ይዛ ሳቀች። መተት የለም። የተደበቀ ክፉ ነገር የለም። ስም አብዝታ ነው እንጂ ገንቦ አላበዛችም። ከእናንተ ውስጥ ቤት ሌላ፣ ትምህርት ቤት ሌላ ስም የሌለው ማን ነው? ሰናይን እናቱ ማሙሽ ብትለው፣ እኔ ሰናይ ብለው፣ ለምሳ ሁለት እንጀራ አይቀርብለትም። ማሙሽ ከታመመ ሰናይም ክፍል አይመጣም።

ሳቋ ሲያልቅ ግን አሥራ አንድ ገንቦ መሆናቸው ታወሳት። መጠጡን ለአሥራ አንዱ ነገድ ብትደለድል ዝሆኖቹ ያለ ገንቦ ይቀራሉ። የቀረው ጊዜ አራት ቀን ነው፤ ለመድረቅ ብቻ አንድ ሳምንት ያስፈልጋል። ፈራች። ቢሆንም ይህኛው ፍርሃት እጅና እግር ያለው ፍርሃት ነበረና ተነስታ ጭቃ ለማምጣት ሮጠች።

ጭቃው ሲቦካ ዝሆን በኩምቢው እንደሚጠጣ ትዝ አላት። የቅርጹን አንገት ላሰፋው ብላ ቢላዋ አነሳች። አያ ቅርጹ ተንቀጠቀጠ። እኔን ከቆረጥሽኝ ከዛሬ ወዲያ ከእኔ የምትወጣው ሁሉ የዝሆን ገንቦ ትሆናለች፣ እንደ እህቶቿ አውጪያትና የእሷን አንገት ብቻ አስፊላት አላት። ሽኮኮም እንዳላት አደረገች። አሥራ ሁለተኛዋ ገንቦ ሁሉ ነገሯ እንደ እህቶቿ፣ አፏ ብቻ የራሷ ሆኖ ወጣች።

ቀጥሎ ወደ ነፋስ ሄደች። በዚህ በኩል ንፈሱልኝ፣ እንዲህ ቀስ ብላችሁ ልትል አፏን ከፈተችና የቀጮ ገንቦ ቃል ትዝ አላት። መልሳ ዘጋችው።

«አያ ነፋስ፣ ገንቦዬ ትድረቅልኝ» ብቻ አለች።

«እንዴት አድርጌ ልንፈስ?»

«እሱን አንቱ ያውቁበታል።»

ነፋስ በዕድሜው እንዲህ ያለው አልነበረም። ጠንክር፣ ቀስ በል፣ በዚህ ዙር፣ በዚያ ዙር ሲባል ነው የኖረው። ደስ አለውና እሷ በማታውቀው መንገድ፣ ከውስጥም ከውጭም እየዞረ ሁለት ቀን ነፈሰ። ፀሐይንም እንዲሁ ጠየቀች፣ ፀሐይም አልጨከነችም፤ ሸክላውን ሳትሰነጥቅ አሞቀች። እሳትንም እንዲሁ ጠየቀች፣ እሳትም የት ጋ መበርታት፣ የት ጋ መለስለስ እንዳለበት ያውቅ ነበር። በሰርጉ ዋዜማ አሥራ ሁለተኛዋ ገንቦ ቀይ ሆና ወጣች። ሽኮኮ አንድ ስም ብቻ ሰጠቻት።

ሰርጉ ደረሰ። አሥራ ሁለቱ ነገዶች በየዳሱ ተቀመጡ። አያ ጅቦ ወደ አንበሳ ጆሮ ጠጋ ብሎ «ጌታዬ፣ ይህች ልጅ ስም እየጠራች ታታልላለች። ስም አይቁጠሩ፣ ገንቦ ይቁጠሩ» አለ።

አንበሳ ቁጠር አለው። የሽኮኮ እናት ከገደሉ ጫፍ ሆና ቁልቁል ታያለች። አያ ጅቦ በጥፍሩ እያመለከተ ቆጠረ፤ አሥራ ሁለት ሆኑበት። ተሳስቻለሁ ብሎ ከመጨረሻው ጀምሮ ቆጠረ፤ አሥራ ሁለት ሆኑበት። ሦስተኛ እያንዳንዷን እየነካካ ቆጠረ፤ አሁንም አሥራ ሁለት። አንበሳ በቃህ ተቀመጥ አለው። ጅብም ጭራውን በጭኑ መሐል ከትቶ ተቀመጠ።

«በይ እንግዲህ አስጀምሪ» አላት አንበሳ ሽኮኮን።

አንድ ቃል ተናገረች። «ቅዱ።»

ቃሉ አንድ ነው፤ ሁሉም ግን የየራሳቸውን ቀዱ። አንዷ ለጦጣዎቹ ብርዝ፣ አንዷ ለጅቦቹ መረቅ፣ አንዷ ለሚዳቋዎቹ የምንጭ ውሃ፣ አፈ ሰፊዋ ኩምቢ እያስገባች ለዝሆኖቹ። አሥራ ሁለቱም ነገድ ጠጣ፤ አፉ ደርቆ የቀረ አልነበረም። ሽኮኮ በመካከላቸው እጇን አጣጥፋ ቆማለች። ሃያ አንድ ቀን ሙሉ እጇ ባዶ ሆኖ አያውቅም ነበርና የት እንደምታደርገው ጠፋት።

አንበሳ ገደሉ የእናንተ ነው ብሎ ፈረደ። ከዚያ የአባቷን ሙያ በሃያ አንድ ቀን እንዴት እንደተማረችው ጠየቃት።

«ሦስት ጊዜ ተሳሳትኩ ጌታዬ» አለችው። «ከሦስቱም በኋላ ጠየቅኩ።»

ሽኮኮ ገደሉን ወጣች። እናቷ ፊቷን አየች። «እማ፣ እዚሁ ነን» አለቻት ሽኮኮ። እናቷ የማይታዘዘውን እግሯን ዘርግታ ተቀመጠችና በረጅሙ ተነፈሰች። ከዚያ በይ አሁን ተኚ አለቻት።

ሽኮኮ ተኛች። ከታች ሰርጉ ቀጥሏል። ይጠጣል፣ ይቀዳል፣ ይጨፈራል። እስከ ማግስቱ እኩለ ቀን ድረስ ማንም አልቀሰቀሳትም፤ ገንቦዎቹ ሥራቸውን ያውቁት ነበር።

ሁሉን ልያዝ ያለ ሁሉን ያፈስሳል፤ ለየባለቤቱ የተወ ተኝቶ ያድራል። ተረቴን መልሱ፤ ብትሳሳቱም አታልቅሱ።